ወጥመድ ያልሆነው ቀርከሃ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ አንድ ሙዚየም ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ስለተቀመጠች የመዳፍ ስፋት ያላት ካርድ ነው። ካርዷ ላይ የነበሩት ቃላት ቢቆጠሩ አሥራ አምስት አይሞሉም። በእሷ ምክንያት የሞተ ሰው የለም፤ የታሰረም የከበረም የለም። ለዶርም ጓደኛዬ ስነግራት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ለአንድ ካርድ ነው ይኼ ሁሉ?» አለችኝ።  እትዬ ቦጋለች ቢሆኑ ግን መልስ አያጡም ነበር። ስለዚህ እሳቸው ሲመልሱ የሰማሁትን ያህል ልጻፍ።

እትዬ ቦጋለች ባለፈው ጥር አርፈዋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ላይ ስለነበርኩ ለቀብር አልደረስኩም። እናቴ ደውላ፣ «እህት ቦጋለች ወደ ጌታ ሄዱ» አለችኝ። በሌላ ቀን ለቅሶው ላይ የተባለውን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችኝ። አንዱ ደግነታቸውን፣ ሌላው ጸሎታቸውን፣ ሌላው በረመጥ የተጋገረ ቆጮ ይዘው የታመመ ሰው መጠየቃቸውን አንስቷል። እውነት ነው፣ ደግ ነበሩ። እኔ እንደማውቃቸው ግን ደግነት ሁለተኛው ጠባያቸው ነበር። የመጀመሪያው እምቢታ ነው፤ እሱን ለቅሶው ላይ ያነሳ ሰው የለም።

ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቆጮና ቡላ ይሸጡ ነበር። የተወለዱት ዳውሮ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አዲስ አበባ መጥተው መጀመሪያ ሰው ቤት ሠሩ፣ ቀጥሎ ጉሊት ዘረጉ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ቤታቸው ቤቴል፣ ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው፤ ከእናቴ ጋርም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ሰው የሚያሯሯጡ ሴት ነበሩ። ሊከራከሩ ሲሉ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ይህን የሚያውቁ ደንበኞች ነጠላው ወገብ ላይ ከደረሰ ዋጋ መጠየቅ ያቆማሉ።

ሙዚየም መጎብኘት የጀመሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ከአገር ቤት የእህታቸው ልጅ ለሦስት ቀን መጥታ፣ «አክስቴ፣ እዚህ ከተማ ምን የሚታይ አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ገበያውን አሳዩአት፣ ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩአት፣ ጦር ኃይሎች ያለውን ግርግር አሳዩአት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሳዩት ጨረሱ። ልጅቷ ስትሄድ አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነግረውናል። «አርባ ዓመት ኖሬበት የማላሳየው ከተማ የኔ ነው እላለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ እየዘጉ ሙዚየም ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ ከእህቶች ኅብረት ሦስት አራት ሴቶች፣ በኋላም እኛ የመዘምራን ልጃገረዶች ተከተልናቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆመው፣ የሚመጣ ሰው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ጦር ኃይሎች ፌርማታ እንዲገኝ፣ የሚያረፍድ ደግሞ ቤቱ እንዲቀር ያስታውቃሉ።

አንድ ሽማግሌ እነዚያ ቦታዎች የድሮ አማልክት ምስል የሞላባቸው ናቸው ብለው ቅር ሲላቸው፣ እትዬ ቦጋለች ሄደው የሚያዩት ሊያዩ እንጂ ሊሰግዱ እንዳልሆነ፣ ደግሞም ጉልበታቸው ለአንዱ ጌታ እንኳን በግድ እንደሚታጠፍ ነገሯቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

ከእሳቸው ጋር መጎብኘት ቀላል አልነበረም። ሕግ ነበራቸው። እያንዳንዱ ካርድ ይነበባል፣ ድምፅ ተሰምቶ ይነበባል። አስጎብኚ ቢቸኩል እሱ ይቀድማል እንጂ እኛ አንከተለውም። የሚያውቁት ዕቃ ሲያጋጥማቸው፣ የሸክላ ጋን ይሁን የቆዳ ስልቻ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደምን ሰነበትሽ» ይሉታል። አንድ ጊዜ የድሮ መኳንንት መኖሪያ የነበረ ቤት ስንጎበኝ አስጎብኚው አልጋውን፣ ወንበሩን፣ የክብር ልብሱን አሳይቶን ሲጨርስ፣ ምግቡ የት ይሠራ እንደነበር ጠየቁት። ለጉብኝት ክፍት አይደለም አላቸው። «አጥር ያለው ሁሉ በር አለው» አሉና ቤቱን በጀርባ ዞረው፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የታጨቁበትን ማድ ቤት በመስኮት አገኙት። ሁላችንንም ተራ በተራ አሳዩን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሚታይበት ቦታ ሄድን። ግድግዳው ላይ ድንጋይ የሚጠርቡ ጢማም ወንዶች ተስለዋል። እትዬ ቦጋለች ድንጋዩን የጠረበው ወንድ መሆኑ በምን እንደታወቀ ጠየቁ። አስጎብኚው ቅን ልጅ ነበርና እንደማይታወቅ አመነ። «እንግዲያው ጢሙን ከየት አመጣችሁት?» አሉት። ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነበር።

ካርዷን ያገኘናት እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ ምክንያቱም በመጨረሻ መልካም ነገር ሠርተዋል። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ የአዳኞች ዕቃ የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን አለ። ጦር፣ ጋሻ፣ የጎሽ ቀንድ፣ ከእነሱም መካከል ክንድ የማታህል፣ ለሁለት የተሰነጠቀች፣ ጠርዟ የሳሳ ቀርከሃ ነበረች። እትዬ ቦጋለች እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት። መነጽራቸውን አውጥተው ካርዱን ማንበብ ጀመሩ፤ «የወጥመድ አካል። ከቀርከሃ የተሠራ። አዳኞች አውሬ ለማጥመድ ይጠቀሙበት ነበር።» ሲጨርሱ እንደገና አነበቡት። ከዚያ ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ሲታሰር አየሁ።

ያቺ ቀርከሃ የእንሰት መፋቂያ ነበረች። በአገራቸው ቋንቋ ስሟን ነግረውናል፤ በትክክል መጻፌን ስለማላውቅ መፋቂያ እላታለሁ። ሴቶች የእንሰቱን ቅጠል ግንድ ገንጥለው ሰሌዳ ላይ ያነጥፉትና በሷ ይፍቁታል፤ የሚወርደው ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፣ ከውሃው የሚዘቅጠው ቡላ፣ የሚቀረው ክር ቃጫ። እትዬ ቦጋለች ይህን ሥራ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ሠርተውታል።

የዕቃዎች ክፍል ኃላፊው አቶ ሰለሞን ተጠርተው መጡ። ሹራብ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ትሑት ሰው ናቸው። እትዬ ቦጋለች ያሉትን ሁሉ ከሰሙ በኋላ መዝገብ አስመጡ። ዕቃውን ከሃያ ዓመት በፊት የሰጡት ከመጣበት አገር አንድ አዛውንት መሆናቸውን፣ የወጥመድ አካል ነው ብለው የተናገሩትም ራሳቸው መሆናቸውን ከመዝገቡ አነበቡልን። «የሰጡን ሰው ያሉትን ነው የጻፍነው፣ እናቴ» አሉ።

 እትዬ ቦጋለች ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ያስረዱት ነገር ለእኔም አዲስ ነበር። በእናታቸው መንደር ሴቶች እንሰት የሚፍቁት ከቤት ጀርባ፣ ከእንሰቱ መካከል ነው። ፋቂዋ መሬት ተቀምጣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ግንዱን በተረከዟ ሰሌዳው ላይ ትይዘዋለች። ስለዚህ ወንድ አይጠጋም። ባል አይጠጋም፣ አባት አይጠጋም፣ ጡት የተወ ወንድ ልጅ አይጠጋም። መፋቂያ በእጁ የተገኘ ወንድ እስኪሸመግል ይሳቅበታል።

«እንግዲህ እኚያ አባት ምን ያድርጉ?» አሉ። «ዕቃ አምጡ ተባሉ፣ ከሚስታቸው ዕቃ አንዷን አነሱ። ምንድነው ሲባሉ አላዩትም፤ የሴት ነው ቢሉ ደግሞ አንተ ጋ ምን ትሠራለች ሊባሉ ነው። ወጥመድ ነው አሉ፣ ክብራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። እርስዎ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በዚች ወጥመድ ተይዘው ቀሩ።»

አቶ ሰለሞንም ሳቁ። ማመልከቻ እንዲያስገቡ መከሯቸው። እትዬ ቦጋለች ማመልከቻውን በእጃቸው ጽፈው በሳምንቱ አስገቡ።

መልስ አልመጣም። እሳቸውም መምጣታቸውን አልተዉም። ሌላውን ሙዚየም ሁሉ ትተው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እዚያው እየሄዱ፣ እንደማንኛውም ጎብኚ ቲኬት ቆርጠው፣ ከአዳኞቹ ሳጥን ፊት ይቆማሉ። ጎብኚ ሲመጣ ካርዱን ድምፃቸውን አሰምተው ያነቡለትና፣ «ይኼ ውሸት ነው» ብለው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ጥበቃዎቹ ለመዷቸው። አንዱ ወንበር አምጥቶ እንዲያርፉ ለመናቸው። «ቁጭ ካልኩ የተስማማሁ ይመስላቸዋል» ብለው መለሱት።

በመሃል አቶ ሰለሞን አንድ መፍትሔ አመጡ። ነገሩ እስኪጣራ ቀርከሃዋን ከሳጥኑ አውጥተው ዕቃ ቤት ሊያስቀምጧት እንደሚችሉ፣ ውሸት የተባለው ካርድም አብሮ እንደሚነሳ ነገሯቸው። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ አለቀ ብዬ ነበር። እትዬ ቦጋለች ግን እምቢ አሉ። በሐሰት የታሰረን ሰው ፈትቶ መቅበር ፍርድ እንደማይባል፣ ብትሰደብም ሰው እያያት ብትቆይ እንደሚመርጡ ነገሯቸውና ወጡ። ታክሲ ውስጥ አንዷ እህት ነገሩን አከረሩት ብላ ወቀሰቻቸው። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዓመቱ ተለውጦ ጥቅምት ላይ፣ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ፣ አቶ ሰለሞን ደወሉ። ኮሚቴው የሚቀበለው ማስረጃ ካገኘ ካርዱ እንደሚቀየር፣ ለዚህም እትዬ ቦጋለች በሙዚየሙ ግቢ እየፋቁ ቢያሳዩ ኮሚቴው እንደሚያይ፣ ፎቶና ቪዲዮም እንደሚነሳ ገለጹ። በቅንነት ነው ያሉት፤ ትልቅ ነገር የፈቀዱ መስሏቸው ነበር። የኮሚቴው አባላት አምስት ናቸው፤ አምስቱም ወንዶች።

በዚያ ሳምንት እናቴና እኔ ልንጠይቃቸው ስንገባ ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ማርቆስ ከሳንሱሲ መጥተው አገኘናቸው። ወሬው ደርሷቸዋል። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ ተቀምጠው ነበር።

«እናታችን አባታችን ፊት እንኳ ፍቃ አታውቅም» አሉ። «አንቺ የከተማ ወንድ ሰብስበሽ፣ ካሜራ አስደቅነሽ እግርሽን ልታነሺ ነው? በስልሳ ዓመትሽ?»

«ካሜራ ማን ይደቀን አለ፣ ጋሼ?»

«ወጥመድ ይበሉት፣ ሌላም ይበሉት። አንቺ ምን ጎደለብሽ? ሱቅሽን ጠብቂ።»

 የእትዬ ቦጋለች ነጠላ ትከሻቸው ላይ እንደነበረ ነው። በቀስታ የተናገሩት ለወንድማቸው ይሁን ለእኛ አላውቅም። ሰው ቤት ሲሠሩ እመቤቲቱ ቆጮ ቆጮ ትሸታለች ብላ ልብሳቸውን በየቀኑ በበረኪና ታሳጥባቸው እንደነበር፣ ለብዙ ዓመት ከየት እንደመጡ የጠየቃቸውን ሁሉ ሌላ አገር እየጠሩ እንደሸኙ፣ ሱቅ ሲከፍቱ እንኳ ቆጮውን ከጤፉ ኋላ ደብቀው ይሸጡ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «አሁን የእናታችንን እጅ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። የወንድ ሥራ ተብሎ ተጽፎበታል። አይቼ ልለፈው? እኔም እንደዚያች ሴትዮ በረኪና ላፍስበት?»

ጋሽ ማርቆስ መሬት መሬት አዩ።

«እፍቃለሁ፣ ጋሼ» አሉ እትዬ ቦጋለች። «ወንድ ግን አያየኝም። እርስዎም ጭምር።»

ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። እኔና ሌላ አንዲት የመዘምራን ልጅ፣ እናቴ፣ ከእህቶች ኅብረት ሁለት ሴቶች ነበርን። እትዬ ቦጋለች በሰበታ መንገድ ካለ የደንበኛቸው ጓሮ የበሰለ እንሰት አስቆርጠው፣ የግንዱን ቁራጭ በኬሻ ጠቅልለው፣ ሰሌዳውንም ይዘው ነበር። የራሳቸው መፋቂያ በቦርሳቸው ውስጥ ነው። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ኬሻውን አይቶ፣ «እማማ፣ ሙዙ የስንት ሰው ይከፍላል?» ሲል፣ «የሁለት። አፉን ስለሚዘጋ ካንተ ይሻላል» አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ሳቀ። እትዬ ቦጋለች አልሳቁም። የኬሻውን ጫፍ ደጋግመው ሲፈቱና ሲጠቀልሉ አየሁ። ፈርተው ያየኋቸው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቦታ ተዘጋጅቷል። አምስት ወንበሮች ተደርድረዋል። ፎቶ አንሺ ቆሟል። አቶ ሰለሞን ኮሚቴውን አስተዋወቁን። እትዬ ቦጋለች ሁሉንም በአክብሮት ጨብጠው፣ ኬሻውን መሬት አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«በሉ እንግዲህ፣ ወንድ የሆነ ሁሉ ከግቢ ይውጣልኝ» አሉ።

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ያሉ ነበሩ። አቶ ሰለሞን ጠጋ ብለው ይህ የሥራ ቦታ መሆኑን፣ እነዚህ ሰዎች የተማሩ መሆናቸውን፣ በእናትነት እንጂ በሌላ ዓይን እንደማያዩአቸው ለማስረዳት ሞከሩ።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ቦጋለች። «አባቴም በሌላ ዓይን አያይም ነበር። ግን አይገባም።»

«እናቴ፣ ካላየን እንዴት እናረጋግጣለን?»

«ሙዚየሙ ውስጥ ሴት የለችም?»

ነበረች። ሕይወት የምትባል፣ ዕቃዎቹን የምታጸዳና የምትመዘግብ ወጣት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ቦጋለች ጠሯት። ቲኬት ቆራጯም መጣች። ከባሏ ጋር ለጉብኝት የመጣች አንዲት ሴትም ምን እንደሆነ ጠይቃ ቀረች፤ ባልየው ጃኬቷን ይዞላት ወጣ። ከኮሚቴው አንዱ ተቆጥቶ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ እንደማይታወቅ ተናገረ። እትዬ ቦጋለች ኬሻውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። በቀስታ ነበር የሚጠቀልሉት። ሁለተኛውን ጫፍ ሲያጥፉ አቶ ሰለሞን ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ «እንውጣ» አሉ።

ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ጋር ፎቶ አንሺውና ሁለቱ ጥበቃዎች ወጡ። የብረቱ በር ተዘጋ። አቶ ሰለሞን ከበሩ ውጭ መዝገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ጫማቸው በበሩ ሥር ይታየን ነበር።

እትዬ ቦጋለች ሰሌዳውን ጽዱ ላይ አስደግፈው መሬት ተቀመጡ። ግንዱን ገንጥለው አነጠፉት፣ እግራቸውን አነሱ፣ በተረከዛቸው ያዙት፣ መፋቂያዋን በሁለት እጃቸው ከላይ ወደታች ሳቡ። የመጀመሪያው ድምፅ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ነጩ ሥጋ ወረደ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ ቃጫው እንደ ክር ተለይቶ ቀረ። የታክሲው ውስጥ ፍርሃት አልታየባቸውም። ወደኋላ ዘንበል፣ ወደፊት ዘንበል እያሉ ሲፍቁ ስልሳ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም። ቀጥሎ ሕይወትን አስቀመጧት፤ ከዚያ ቲኬት ቆራጯን፤ ከዚያ እንግዳይቱን። እኔም ሞክሬአለሁ። ግንዱ ከተረከዜ አምልጦ ደረቴን መታኝ፤ እናቴ እስክትንበረከክ ሳቀች።

በመሃል ከበሩ ውጭ አቶ ሰለሞን፣ «ተጀመረ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ ሳቁባቸው።

ፍቀው ሲያበቁ እትዬ ቦጋለች የሳጥኗ ቀርከሃ እንድትመጣ ጠየቁ። ሕይወት ጓንት አድርጋ አመጣቻት። እትዬ ቦጋለች አልነኳትም። የራሳቸውን መፋቂያ መሬት ላይ አስቀምጠው ያቺን ከአጠገቧ እንድታስቀምጥ አደረጉ። የሁለቱም ጠርዝ መሃሉ ላይ አልቋል፤ እጅ የሚይዛቸው ሁለቱ ጫፎች ለስልሰዋል። በሁለቱም ስንጥቅ ውስጥ የእንሰት ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ጥቁር ቡናማ ዕድፍ አለ። አንዷ የዚያን ቀን እርጥብ ነበረች፣ ሌላዋ ከብዙ ዓመት በፊት የደረቀች። ሕይወት ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ አየቻቸው። ያንን ዕድፍ በየወሩ እየጠረገች አቧራ ይመስላት እንደነበር ነገረችን።

በሩ ሲከፈት ግቢው ተጠርጎ ነበር። ሕይወት ያየችውን አንድ በአንድ ተናገረች። አቶ ሰለሞን ጻፉ። ሲጨርሱ ግን እስክሪብቶአቸውን ይዘው ቆዩና፣ ለኮሚቴው ምን ብለው እንደሚያቀርቡ መቸገራቸውን ነገሯቸው። «ያላየሁትን እንዴት ልጻፍ፣ እናቴ?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም።

እትዬ ቦጋለች ነጭ የእንሰት ፍቅፋቂ ያለበትን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። አቆሙ።

«ወጥመዱ አውሬ ሲይዝ አይተዋል?»

አቶ ሰለሞን ወደ መዝገባቸው አዩ።

«የወንድ ቃል ሲሆን ሳታዩ ጻፋችሁ። የዘጠኝ ሴት ቃል ሲሆን ካላየን አላችሁ።»

ይህን ብለው ሰሌዳቸውን አንስተው በሩን አልፈው ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው። 

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። እግራቸው ማበጥ የጀመረው በዚያው በጋ ነው፤ ሐኪም ብዙ እንዳይቆሙ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ቅዳሜዎቻቸውን አልተዉም። ካርዷ እንደነበረች ነበረች። አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ሕይወት ሥራዋን እያቆመች አብራቸው ትቆማለች። ጎብኚ ሲመጣ እትዬ ቦጋለች ያነቡና ያርፋሉ፤ «ይኼ ውሸት ነው» የምትለው እሷ ናት። በአለቃዋ ፊት አንድ ቀን እንዲሁ አለች። አቶ ሰለሞን ሰምተው አለፉ።

ሚያዝያ ላይ ሕይወት ደውላ እንድንመጣ ነገረችን። ምን እንደሆነ አልተናገረችም። እትዬ ቦጋለች ያን ሳምንት አልጋ ላይ ነበሩ። እናቴ ቆይቶ ይሁን ብትላቸው ቦርሳቸውን አንስተው በሩ ላይ ጠበቁን።

የአዳኞቹ ሳጥን ውስጥ፣ በጦሩና በቀንዱ መካከል ባዶ ቦታ ነበር። ቀርከሃዋ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተዛውራ ብቻዋን በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። አቶ ሰለሞን ከሳጥኑ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ጎን ዞር አሉ። እትዬ ቦጋለች መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው አነበቡ፤

«የእንሰት መፋቂያ። ከቀርከሃ የተሠራ። ሴቶች ይሠሩበታል፤ ዛሬም። አጠቃቀሙን በሥራ ያሳዩን ወይዘሮ ቦጋለች ናቸው። በሥራ ላይ እንዳለ የተነሣ ፎቶግራፍ የለም፤ ወይዘሮዋ አልፈቀዱም።»

ሁላችንም ፊታቸውን አየን። አቶ ሰለሞን በቀስታ፣ የሚስተካከል ነገር ካለ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። እትዬ ቦጋለች ካርዱን እንደገና ከላይ እስከታች አዩት፤ ስሕተት እንደሚፈልግ አስተማሪ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ወደ ሕይወት ዞሩ።

«ይኼ ሳጥን ቁልፍ አለው?»

«አለው፣ እማማ።»

«ማን ጋ ነው?»

«አቶ ሰለሞን ጋ።»

እጃቸውን ወደ አቶ ሰለሞን ዘረጉ። ሰውየው ትንሽ አመነቱና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። እትዬ ቦጋለች ቁልፉን ሕይወት መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን አጠፉላት። አቶ ሰለሞን አልከለከሉም። ከዚያ ጥበቃው ባለፈው ዓመት ያመጣላቸውን ወንበር ጠየቁ፤ መጣላቸው፤ ከሳጥኑ ፊት ተቀመጡ። ሚያዝያ 18 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።